ዘጠኝ እጅ ዘይት

ጥር 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናውንም ሥራውንም እንቅልፉንም አሟልቶ ያግኝዎት። እኛ አለን። ቤቱ ቆሟል፣ አባቴም ከነዝምታው ደህና ነው። በስልክ ላናግርዎ አስቤ ነበር፤ የእርስዎ ድምፅ ከስልኩ በወጣ ቁጥር ግን አባቴ ተነሥቶ ክፍሉን ስለሚለቅ ደብዳቤ ይሻለናል አልኩ። ደግሞም የምጠይቅዎ ነገር የእጅ ሥራ ነው። ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እያየሁ ብሠራ ይቀናኛል።

ታላቅ ወንድሜ ሲሞት እቤት በገዛ እጁ ኤሌክትሪክ ጊታር እየሠራ እንደነበር ያውቃሉ። ከሦስት ዓመት በላይ ከአልጋው ሥር ተጠቅልሎ ቆይቶ ባለፈው ሳምንት አወጣሁት። አካሉን የቆረጠው ከድሮው የምግብ ጠረጴዛችን ነው፤ ሁለት ጣውላ በኮላ አጋጥሞ። አንገቱ ተገጥሟል፣ የሽቦዎቹ ጉድጓድ ተፈልፍሏል። የቀረው ማለስለስና ማልበስ ብቻ ነው። ታላቄ ቫርኒሽ አይወድም ነበር፤ በእጅ የታሸ ዘይት ካልሆነ ብሎ ሙጥኝ ያለ ነበር። እርስዎ ደግሞ በሰው አገር የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ እንጨት በዘይት ሲያሹ ነው የኖሩት።

አንድ ችግር አለ። አብሮት ባንድ ውስጥ ይጫወት የነበረው ድራመር ታላቄን የመታው በዚሁ ጊታር ነው። ሊያሳያቸው በወሰደበት ቀን፣ በመለማመጃ ክፍላቸው፣ በምቱ ማን ቀደመ ማን ዘገየ በሚል የማይረባ ክርክር፣ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ መታው። አንዱ ለንዴቱ ይሁን። ሁለተኛው ለምን ነበር? ታላቄ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ፖሊስ ጊታሩን ሲመልስልን ማንም አላጸዳውም፤ ደሙ ጥሬ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ መዳፍ የሚያህል ጥቁር እድፍ ሆኗል።

ዳኛው ሊገድል አስቦ አይደለም ብሎ ሦስት ዓመት ከምናምን ፈረደበት። ሚያዝያ 14 ይወጣል። እኔ ይህን ጊታር ሳልጨርስ እጄን በእሱ ላይ እንደማላነሣ በታላቄ መቃብር ላይ ምያለሁ። እንግዲህ መጨረስ አለብኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ እኔ አውቅበታለሁ። ዘይቱን እንዴት ልጀምር?

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ


ጥር 24

ለወንድሜ ልጅ ለመዶሻው፣

ዕድሜህን ያርዝምልህ፣ ቁጣህን ያሳጥርልህ። በአሥራ አምስት ዓመትህ ጋራዥ ገብተህ ላሜራ መቀጥቀጥ ስትጀምር ይህን ስም ያወጣልህ ታላቅህ መሆኑን ጽፎልኝ ነበር። አሁን እንጨት ልትነካ ነው፤ እንጨት እንደ መኪና በር ሲደበድቡት አይስተካከልም።

ከሻካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ ወደ ልስልሱ ውረድ። በእንጨቱ ቃጫ አቅጣጫ ብቻ ሂድ። ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አብሰው፤ ቃጫው እንደ ጢም ቆሞ ታገኘዋለህ፤ ሲደርቅ መልሰህ አለስልሰው። ከዚያ የተልባ ዘይት በጨርቅ አልብሰው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቅ፣ ያልጠጣውን በሙሉ ጥረገው። ከዚያ በባዶ መዳፍህ እሸው፣ መዳፍህ እስኪግል ድረስ። ይህ አንድ እጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን እጅ ትቀባለህ። ያንተው አሥራ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ ላይ አትጣል፤ ተጨምድዶ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ይነዳል። ውሃ ውስጥ ንከረው።

ስለ እድፉ እውነቱን ልንገርህ። ዘይት ቀለም አይደለም፤ ያለውን ያጎላል እንጂ አይሸፍንም። ልትፍቀው ከፈለግህ ጊዜው አሁን ነው።

ስለ ሁለተኛው ሥራህ ዛሬ አፌን አልከፍትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መሐላህን ግን ወድጄዋለሁ፤ አጥብቀህ ያዘው።

ለአባትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። አልቀበልም ካለህ መልሰህ አታምጣብኝ፤ በሩ ላይ ትተኸው ሂድ።

አጎትህ


የካቲት 14

ለተከበሩ አጎቴ፣

የእጅዎ ጽሑፍ ደርሶኛል፤ እጅዎ አይዛል። አምስት ቀን ሙሉ ሳለሰልስ ሰነበትኩ። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ሲያስነጥሰኝ የድሮው ምግብ ሁሉ የሸተተኝ መሰለኝ። ከዚያ የመጀመሪያውን እጅ ቀባሁ።

ዘይቱ እንደነካው እድፉ ቀላ። ሦስት ዓመት ጥቁር የነበረው ዛሬ ጠዋት የፈሰሰ መሰለ። እጄን አንሥቼ ብዙ ቆምኩ። አልፋቅሁትም፣ አልፍቀውም። በላዩ ላይ መዳፌን አድርጌ እንዳሉኝ እስኪግል ድረስ አሸሁት፤ ሰው የማሽ ይመስለኝ ነበር።

ጨርቁን ረስቼ ባዶ ባልዲ ውስጥ ጣልኩት። እውነትም ጨሰና ነደደ። ውሃ የደፋበት አባቴ ነው። ባልዲውን እግሬ ሥር አስቀምጦ ሄደ። ከእርስዎ ምን እደብቃለሁ፣ ሲነድ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢው ስለ ድራመሩ አወራ። እስር ቤት ውስጥ ተለውጧል፣ ለእስረኞች ሙዚቃ ያስተምራል አለ። ክፋት አልነበረውም፣ ወሬ ነው። በክርኔ አፉን መታሁት። ሁለት ጥርስ ጣለ፤ አንዱን ከመኪናው ሥር ፈልጌ ያነሣሁለት እኔው ነኝ። አለቃዬ ለአንድ ሳምንት መዶሻዬን ቆለፈብኝ።

የድራመሩን እናት ቤት ሄጄ አይቻለሁ። አረንጓዴ የብረት በር ነው። ፊት ለፊቱ የስልክ ጥገና ቤት አለ፤ ከበረንዳው እስከ በሩ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ክብ ራስ ያለውን መዶሻ ነው የምይዘው። ሹሉ ላሜራ ይበሳል፣ ክቡ ግን ያጎደጉዳል፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ።

የሱቁ ዘይት አራተኛውን እጅ ሳያልፍ ያልቅብኛል። ከፋብሪካችሁ ከሚጠቀሙበት ቢልኩልኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም፣ ጫማም ሆነ ልብስ እንዳይልኩ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 1

ለመዶሻው፣

ፈጣሪ ክርንህን ይሰብስብልህ። የሰውየው ጥርስ አሳዘነኝ፤ አንተ ፈልገህ ስታነሣለት ደግሞ ሳቄ መጣ። ሳቄን ስጨርስ ስለ አሥራ አንዱ እርምጃ አሰብኩ፤ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ዘይቱን ይህን ደብዳቤ በሚያመጣልህ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ። ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ በመንገድ ተፍቆ ቢሆን አትደነቅ።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ስለ አሥራ ሁለቱ እጅ ያልኩህን ተው፤ ያ ለቀላል እንጨት ነው። ጠረጴዛ የነበረ እንጨት ብዙ ዓመት የሰው እጅ ነክቶታል፣ ደም ደግሞ ጠጥቷል። ሌላ አሥራ ስምንት እጅ ይፈልጋል። በየሦስቱ እጅ መካከል አንድ ሳምንት አሳርፈው። ከእንግዲህ ደግሞ አጥብቀህ አትጥረገው፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ወፈር ብሎ ይተኛ። ቶሎ አይደርቅም፤ አትቸኩል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እዚህ አብራኝ የምትሠራ አንዲት አሮጊት አለች፤ በልቤ እትዬ መዳፍ እላታለሁ። አንድ ጠረጴዛ ሁለት ወር ስታሽ አይቻለሁ። ባለቤቱ መጥቶ ሲቆጣ እንጨቱ ገና እየጠጣ ነው ብላ ትመልሰዋለች፤ ሰውየውም ይመለሳል። እኔም ላንተ የምለው ይህንኑ ነው። ያልደረቀ ነገር አልተጨረሰም፤ መሐላህ ደግሞ መሐላ ነው።

አባትህ ሰላምታዬን ከበሩ ላይ አነሣው?

አጎትህ


መጋቢት 24

ይህን ደብዳቤ በሰላምታ አልጀምርም።

እንደ ቃልህ አደረግሁ። ዘጠኝ እጅ ቀባሁ። ዘጠነኛውን ከቀባሁ በኋላ ስድስት ቀን ጠበቅሁ፤ ጣቴን ባሳርፍበት ተጣበቀብኝ። ትንኝ ተለጠፈበት። የሸሚዜ ክር ተለጠፈበት። ተሸክሜ ሰፈራችን ላለው ለጎባጣው አናጢ ወሰድኩለት። አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ የጣቱ አሻራ ሲቀርበት አየና ሳቀ። ዝንብ ማጥመጃ ነው እንዴ የሠራኸው አለኝ። አራት ቀጭን እጅ ይበቃው ነበር፣ ያልጠጣው ካልተጠረገ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይደርቅም አለኝ። ይህን ያዘዘህ ሰው ወይ ሥራ አያውቅም ወይ አይወድህም ብሎ ጨመረበት።

አንተ ሥራ አታውቅም? ጣሳውን በብርሃን አዟዙሬ አየሁት። መንገድ አልፋቀውም። በጩቤ ነው የተፋቀው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በጥንቃቄ።

ቤት ገብቼ ወንበር አንሥቼ ግድግዳው ላይ ሰበርኩ። ሁለተኛውንም ሰበርኩ። ሦስተኛው ላይ አባቴ ተቀምጦ ነበር። ወንድምህ ለምን ይዋሸኛል ብዬ ጮህኩበት፤ ስለ አንተ ፊት ለፊቱ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ቀኝ ጆሮውን ወደ እኔ አዞረና እንዲህ አለኝ፤ "እሱ ውሸት አይችልበትም። የሚችልበት መምታት ነው።"

ሙጫህን በምላጭ ፍቄ ጥዬዋለሁ፣ ጥፍሬ ሥር እስኪደማ ድረስ። ሁለት ቀጭን እጅ ቀብቼ እስከ መጨረሻው ጠርጌዋለሁ። አናጢው ከሚያዝያ አሥር በፊት እንደ አጥንት ይደርቃል ብሎኛል። እድፉ እንዳለ አለ። ከእንግዲህ ዘይት አትላክልኝ፣ ምክርም አትላክልኝ። አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፤ አባቴን ምን አደረግኸው?


ሚያዝያ 4

የወንድሜ ልጅ፣

አራት ጊዜ ደወልኩልህ፣ አላነሣህም። የአባትህ ስልክ ቁጥር የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ስለዚህ ይህ ወረቀት ከአንተ ቀድሞ እንዲደርስ እጸልያለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ግን ቂሙ የለኝም፣ ያለኝ ዕዳው ነው።

አዎ ዋሽቼሃለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ሰውን አሳስቼ ስመራ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ። በስሱ ቀብተህ ጥረገው የሚለውን ጽሑፍ ከጣሳው ላይ የፋቅሁት በምሳ ሰዓት እቃ ቤት ውስጥ ተደብቄ ነው። ካልደረቀ አልተጨረሰም፣ ካልተጨረሰ ደግሞ ልጁ አይሄድም ብዬ አሰብኩ። ለሁለት ወር፣ ለሦስት ወር፣ ከቻልኩ ለዘለዓለም እንዳይደርቅ ፈለግሁ።

አባትህ ከጣሪያ ወድቆ የግራ ጆሮው እንደ ደነቆረ ተነግሮሃል። አልወደቀም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። እናትህ ነፍሷን ይማርና አንተን አርግዛ ነበር። እኔና አባትህ በአባታችን የእንጨት ሥራ ቤት አብረን እንሠራ ነበር። አንድ ቀን ቁም ሳጥን ጨርሼ ደንበኛ ሊረከብ ሲመጣ አባትህ ቅባቱን በጥፍሩ ጫር አድርጎ፣ "ይህን ማን ነው የላሰው?" አለ። ደንበኛው ሳቀ። አባትህም ቀልዱ ነበር፤ በማግስቱ ረስቶታል። እኔ ሁለት ሳምንት በሆዴ ያዝኩት። በየቀኑ ሳየው የት ቦታ እንደምመታው አስብ ነበር። ንዴት ነው እንዳልልህ፣ ንዴት ሁለት ሳምንት አይቆይም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን አበጥሬ ገባሁና ጎንበስ ብሎ ጣውላ ሲለካ በእንጨት መዶሻ ከግራ ጆሮው ኋላ መታሁት።

ቀላል ነበር። ማንም ያልነገረኝ ይህን ነው። እንቁላል ከመስበር አይከብድም። ደሙ የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ፈሰሰ፣ ፍቅፋቂውም ጠጣው። እናታችን ፀሐይ ሳትጠልቅ በጭነት መኪና አሳፈረችኝ፤ ለሰው ከጣሪያ ወደቀ ተባለ። በሦስተኛው ወር ነው መትረፉን የሰማሁት። እነዚያን ሦስት ወራት ልነግርህ አልችልም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ወግቶ አያውቅም። በየጠዋቱ ፋብሪካ ገብቼ ጎንበስ ያለ ሰው ባየሁ ቁጥር እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። አሮጊቷ አንድ ቀን ይበርድሃል ወይ ብላኛለች።

ጊታሩ አሁን በትክክል ተጨርሷል። ከእንግዲህ የምይዝህበት ምንም ነገር የለኝም። እለምንሃለሁ፣ አትሂድ። ድራመሩን ስለማዝንለት አይደለም፤ አላውቀውም። አንተ የምትደርስበትን ቦታ ስለማውቀው ነው።

አጎትህ


ሚያዝያ 23

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ ካሉበት በሰላም ይድረስልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሚያዝያ 15 ነው። አንድ ቀን ዘገየ።

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ። በ14 ጠዋት ታጥቤ፣ ፀጉሬን አበጥሬ፣ መዶሻውን በኮቴ እጅጌ አስገብቼ ወጣሁ። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስር ነበር። ቀና ብሎ የተበጠረ ፀጉሬን አየና ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገ። ስልክ ጥገናው በረንዳ ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ታክሲ መጣና ድራመሩ ወረደ። በፌስታል ልብስ ይዟል። ከስቷል። አሥራ አንዱን እርምጃ ሄድኩ። አየኝ፣ አወቀኝ፣ አልሮጠም። ፌስታሉን ለቅቆ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጢጥ አለ። ሽሽት ቢጀምር ይሻለኝ ነበር።

መዶሻውን ባለኝ ኃይል ሁሉ አወረድኩት። በመካከላችን ሰው ገባ። የተሰበረው ከቤት ጀምሮ ሲከተለኝ የነበረው የአባቴ ቀኝ ትከሻ ነው። ድምፁን ሰማሁ፣ ደረቅ ጣውላ ሲሰበር የሚያወጣው ድምፅ ነው። የመዶሻው ጠርዝ አንገቱን ቀደደውና ደሙ ፊቴ ላይ ረጨ። ሁለተኛ ለመምታት እጄ ከአናቴ በላይ ነበር፤ አባቴ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ እንኳ እጄ ለመውረድ ይፈልግ ነበር። ያሉኝ እውነት ነው። ቀላል ነበር።

ሸሚዙን አውልቆ ቁስሉን የያዘው ድራመሩ ነው። ያመጣው ታክሲ ገና አልሄደም፤ አባቴን መካከል አድርገን ገባን። እኔ ራሱን፣ እሱ ቁስሉን ይዘን። ሹፌሩ በመስታወት እያየን ምን ሆኖ ነው አለ። ድራመሩ፣ "ከጣሪያ ወድቆ ነው" አለ።

አባቴ ይህን ሰማ። በደህናው ጆሮው በኩል የተቀመጠው ድራመሩ ነበር። ዓይኑን ገልጦ ሁለታችንንም እያፈራረቀ አየን።

ሐኪም ቤት አጥንቱን ካሰሩለት በኋላ፣ በማግስቱ እኔ ቤት ሄጄ ደብዳቤዎን አገኘሁ፤ አንብቤው ሻንጣዬን ያዝኩ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ እርስዎም ያን ቀን በጭነት መኪናው ሲሳፈሩ እንዳላወቁ ገመትኩ። ልሰናበተው ስገባ ፖሊስ አልጋው አጠገብ ቆሞ ምን እንደገጠመው ይጠይቀዋል። አባቴ ሻንጣውን አየና በግራ እጁ ወደ እኔ አመለከተ።

"አንድ ጊዜ ከጣሪያ ወደቅህ ተባልኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ስወድቅ ኖርኩ። ሁለተኛ አልወድቅም። የመታኸኝ አንተ ነህ፤ ንገረው።"

ነገርኩት። ማንን ልመታ እንደነበርም ነገርኩት። ስድስት ቀን ታስሬ በዋስ ወጥቻለሁ፤ ፍርዱ ገና ነው። ድራመሩ በየቀኑ ሐኪም ቤት ይመጣል አሉ፤ ትላንት ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አላናገርኩትም። አልማርኩትምም። ግን አልፌው ገባሁ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ።

ደብዳቤዎን ለአባቴ ሰጠሁት። እጁ ስለታሰረ ወረቀቱን እኔ ያዝኩለት። ስለ ቁም ሳጥኑ የጻፉት ጋ ሲደርስ ማንበቡን አቆመና፣ "እውነትም የተላሰ ይመስል ነበር" አለ። ከዚያ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻውን አመመው፤ አልቅሶም ይሆናል፣ መለየት አቃተኝ። ጊታሩ ክር ገና አልገባበትም፤ ያን ዕለት ስለ እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሣሁበትም።

ጻፍለት አለኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሱ ቃል ነው፤ አንድም አልጨመርኩበትም።

ወንድሜ፣ ይህ ልጅ አይሄድም፤ ፍርዱን እዚሁ ይቀበላል። አንተም ና። ሰላምታህን ከበሩ ላይ አላነሣሁትም፤ ራስህ መጥተህ በአፍህ በለኝ። አትዘግይ። ሐኪሙ የቀኝ ጆሮዬም እየሄደ ነው ብሎኛል።